ቀለም ለዘር አይመሰክርም
(ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው የእንስሳት ዘር እንዴት እንደሚጣራ ነው። ነገሩን ከእስስት እንጀምራለን። «እስስት ደግሞ ምን ትረባናለች?» ትሉ ይሆናል። ግድ የለም፣ አድምጡኝ፤ መጨረሻው እናንተ በረት ይደርሳል።

እስስትን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አጥር ለአጥር ቀስ እያለች ትሄዳለች። ቀለሟን ትለዋውጣለች። በአውሮፓና በአሜሪካ እሷን በቤት ውስጥ የሚያሳድጉና የሚያራቡ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ የሚወዱት የነብር እስስት የሚባለውን ዓይነት ነው። የዚህ እስስት አገሩ ማዳጋስካር ነው። ማዳጋስካር ከአፍሪካ በስተ ምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ትልቅ ደሴት ናት።

የነብር እስስት ወንዱ እንደ ትውልድ ቦታው መልኩ ይለያያል። ኖሲ ቤ ከሚባለው ቦታ የሚገኘው ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላበታል። የአምቢሎቤው ጎኑ ላይ ሰማያዊ ወይም ቀይ ሰንበር አለው። ሴቷ ግን የትም ብትወለድ መልኳ ያው ነው፤ ቡናማ ወይም ፈዘዝ ያለ ብርቱካንማ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ገዢው ወንዱን አይቶ የየት ቦታ ዘር እንደሆነ ሊገምት ይችላል። ሴቷን አይቶ ግን ምንም ማለት አይችልም። አባቷ ከአንድ ቦታ፣ እናቷ ከሌላ ቦታ ቢሆኑ በምን ያውቃል? ሻጩ «ዘሯ ንጹሕ ነው» ይላል፤ ገዢው አምኖ ይከፍላል። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ወራት ይፈጃል። ወንዶቹ ልጆች ቀለም እስኪያወጡ ደግሞ ሌላ ወራት። ያን ጊዜ ያልተጠበቀ ቀለም ይወጣል። ታዲያ ምን ይደረግ? ወተትና ውሃ አንዴ ከተቀላቀለ ማን ይለየዋል!

ሌላም ነገር አለ። ሴቷ እስስት አንድ ጊዜ ከተጠቃች የወንዱን ዘር በሆዷ ልታቆይ ትችላለች። ሌላ ወንድ ሳያገኛት እንደገና ፍሬ ያለው እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ ዛሬ ከጎኗ ያለው ወንድ አባት ነው ማለት አይደለም።

ጠንቃቃ አርቢዎች ዘር የሚያጣሩት በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የሴቷን አባትና ወንድሞች አሳዩን ይላሉ። በእሷ ላይ የማይታየው በእነሱ ላይ ይታያልና። ሁለተኛ፣ ጽሑፍ ይጠይቃሉ። አያቶቿ ከየት መጡ? እናቷ መቼ፣ ከየትኛው ወንድ ተጠቃች? እንቁላሉ መቼ ተጣለ? መቼስ ተፈለፈለ? ቀኖቹን ያስተያያሉ፤ የሐሰት ጽሑፍ ቀኑ አይገጥምም። ሦስተኛው የደም ምርመራ ነው። በ2007 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2015) የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የማዳጋስካር ባልደረቦቻቸው ከ324 የነብር እስስቶች የወሰዱትን የደም ጠብታ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። አንድ ዝርያ ይባል የነበረው 11 ሊሆን እንደሚችል ገለጹ። ምርመራ ግን በየቤቱ አይገኝም። ጽሑፍ ግን እርሳስ ባለበት ሁሉ ይገኛል።

አሁን ወደ በረታችን እንግባ።

አንዲት ጥቁር ጊደር ለገበያ ቀረበች እንበል። ሻጩ «ግማሽ የፈረንጅ ደም አላት» ይላል። እውነት ነው? የአገር ላም በንጹሕ የፈረንጅ ኮርማ ብትጠቃ ጥጃዋ ግማሽ ደም ይኖራታል። ያችው ጥጃ አድጋ በአገር ኮርማ ብትጠቃ ልጇ ሩብ ይሆናል። በንጹሕ የፈረንጅ ኮርማ ብትጠቃ ግን ሦስት ሩብ ይሆናል። ሦስቱም ጥቁር ሊሆኑ ይችላሉ! ቀለም ለዘር አይመሰክርም። ነገር ግን የፈረንጅ ደም በበዛ ቁጥር መኖውም፣ ሕክምናውም፣ ጥንቃቄውም ይበዛል። ዘሯን ሳያውቅ የገዛ ሰው ከአቅሙ በላይ የምትበላ ላም በረቱ ሊያስገባ ይችላል።

አባቱንም በቀን ቆጠራ ማጣራት ይቻላል። ላም የምትወልደው በ280 ቀን ገደማ ነው፤ ጥቂት ቀን ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። መስከረም 5 ቀን በአዳቃዩ የተዳቀለች ላም ሰኔ 15 አካባቢ ትወልዳለች። ካልያዘላት ግን በ21 ቀን ገደማ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች። ሐምሌ 6 አካባቢ ከወለደች የጥጃው አባት ሌላ ነው፤ ምናልባትም የጎረቤት ኮርማ!

ኮርማም ሲገዛ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቅ። ኮርማ የራሱን ልጆች እንዲያጠቃ አይተው። ዘመድ ከዘመድ ሲራባ ደካማ ጥጃ ይበዛል፤ የላሞቹም መውለድ ይቀንሳል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አንድ ደብተር ለበረቱ ይመደብ። ለእያንዳንዷ ላም አንድ ገጽ ስጧት። እነዚህን ጻፉ፦ የላሟ ስም፤ የእናቷና የአባቷ ስም፤ የተጠቃችበት ቀን፤ የኮርማው ስም ወይም አዳቃዩ የሚነግራችሁ የኮርማ ቁጥር፤ የወለደችበት ቀን። ቀኑን በዚያው ዕለት ጻፉት፤ ነገ ይረሳል። ጊደሯን ስትሸጡ ገጹን ገልብጣችሁ ለገዢው ስጡ። ስትገዙም እንዲሁ ጠይቁ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ፊደል ቆጥራችኋል፤ እንግዲህ የላሞቻችሁን ዘር በእጃችሁ ጻፉ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ሴቷን የነብር እስስት አይቶ ዘሯን ማወቅ ለምን ያስቸግራል?
2. ጥቅምት 10 ቀን የተጠቃች ላም መቼ አካባቢ ትወልዳለች?
3. በበረታችሁ ካሉት ከብቶች አባታቸውን በእርግጠኝነት የምታውቁት ስንቶቹን ነው?