ሞተር በዝግታ ስናዞር የፍሬን አያያዝ
(በወርሃዊ ስብሰባችን የቀረበ ንግግር)



ከቁይ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ቁጠባ ለመሰብሰብ የምንሄደው በሞተር ነው። ሁላችንም ፍጥነትን እንፈራለን። ሆኖም ሞተር በዝግታ ሲዞርም ይወድቃል፤ በገበያ መካከል፣ በግቢ በር፣ በጠባብ መንገድ።

መሪው ተጠምዝዞ ሳለ በቀኝ እጃችን የፊቱን ፍሬን ከጨበጥን ጎማው ድንገት ይያዛል፤ ክብደቱም ወደ ዞርንበት ጎን ይጋደላል። ጠጠር ወይም የክረምት ጭቃ ካለ ጎማው ይንሸራተታል። ከኋላ ሰው ወይም ጭነት ካለ ደግሞ ሞተሩን በእግር ደግፎ ማቆም ይከብዳል።

ስለዚህ ከመዞራችን በፊት፣ መሪው ቀጥ እንዳለ ፍጥነት እንቀንስ። ስንዞር የፊቱን ፍሬን ለቀን፣ የኋላውን በቀኝ እግር ለስለስ አድርገን እንርገጥ። በግራ እጅ ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዘን ጥቂት ነዳጅ እንስጥ። ዓይናችንን ወደምንሄድበት እናድርግ። መቆም ካስፈለገ አስቀድመን መሪውን እናቅና።

የሂሳብ ክፍል ይህን ማንሳቱ አይግረማችሁ። የአንዲት አባል እግር ቢሰበር ሥራዋም፣ ቁጠባዋም፣ የብድር ክፍያዋም አብሮ ይቆማል። እስከሚቀጥለው ስብሰባ በሜዳ ላይ፣ ያለ ጭነት፣ ሄልሜት አድርገን እንለማመድ።