መንገዱ ሲያዳልጥ የነጂውም የነዋሪውም ሥራ አለ

(በሠፈራችን ማኅበር የክረምት መግቢያ ስብሰባ ላይ በሠፈሩ ሞተር ነጂዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 የምንናገረው በዚሁ በእንጦጦ ሥር ባለው ሠፈራችን የምንኖር፣ በሞተር ሳይክል ምግብና ዕቃ እያደረስን ኑሮአችንን የምንገፋ ልጆቻችሁና ጎረቤቶቻችሁ ነን። ጉዳያችን አንድ ነው፤ ይኸውም ነጂው ሳያስበው ድንገት ከጎማው ሥር የሚገባ አዳላጭ ነገር ነው። ክረምቱ ሊገባ ስለሆነ ለነገ የሚባል አይደለም። «ዝናብ ከሆነ ለምን ከቤት አትውሉም?» የሚሉን እናቶች አሉ፤ ለኛ አስበው ነው። ነገር ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሰው ከቤቱ መውጣት ስለሚጠላ ትእዛዙ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ እንወጣለን።

መኪናና ሞተር በአዳላጭ መንገድ ላይ እኩል አይደሉም። መኪና ቢንሸራተት ምናልባት ከአጥር ጋር ይጋጭ ይሆናል እንጂ ጎኑ ላይ አይተኛም። ሞተር ግን የቆመው በሁለት ጎማ ነው፤ እያንዳንዱም ጎማ መሬቱን የሚነካው የእጅ መዳፍ በሚያህል ቦታ ብቻ ነው። ፍሬን መያዝም፣ መታጠፍም፣ ፍጥነት መጨመርም በነዚህ ሁለት መዳፎች ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ እጁና እግሩ ፍሬኑን እስኪነኩ አንድ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በደረቅና በደህና አስፋልት ላይ 9 ወይም 10 ሜትር ሄዶ ሊቆም ይችላል። ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ኃይል በግማሽ ከቀነሰ ይኸው ርቀት እጥፍ ይሆናል፤ ዘይት ላይ ከሆነማ ጭራሽ መቆምም ላይኖር ይችላል። በተቃራኒው ከ40 ወደ 20 ያወረደ ሰው ፍሬን ከያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ታዲያ ከዚህ በታች ከምንናገረው ዘዴ ሁሉ ይህቺ አንዷ ትበልጣለች።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ከሁሉ የከፋው ዝናብ የመጀመሪያው ነው። በጋውን ሙሉ ከመኪና ሲንጠባጠብ የከረመው ዘይትና ናፍጣ፣ ከጎማ የተፋቀው ብናኝና አቧራው ከካፊያ ጋር ሲደባለቅ እንደ ተልባ ይሙለጨለጫል። ከባድ ዝናብ ሲቆይበት ያጥበዋል፤ ክፉው ካፊያው ነው። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹን 15 ወይም 20 ደቂቃ በረንዳ ሥር ቆሞ ማሳለፍ የፈሪ ሥራ አይደለም። ዘይቱ በብዛት የሚጠራቀመው ታክሲ በሚቆምበት፣ የትራፊክ መብራት ባለበትና በአንድ መሥመር መካከል ላይ ነው። የመኪና ጎማ የሚረግጠው ግራና ቀኙ የተሻለ ይጸዳልና በዚያ መሄድ ይመረጣል።

ናፍጣ ለብቻው መነገር አለበት። ቤንዚን ቢፈስ ቶሎ ይተናል፤ ናፍጣ ግን አይተንም፣ ይቆያል። ታንኩን እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑን በደንብ ያልዘጋ የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ የሚያፈሰው በመታጠፊያ፣ በአደባባይና በዳገት ላይ ነው፤ እንግዲህ እኛም ጎንበስ ብለን የምንታጠፈው እዚያው ነው። እርጥብ መንገድ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ሲያብረቀርቅ ይታያል። ማታ ወይም ደረቅ መንገድ ላይ ከሆነ ግን ዓይን አያየውም፤ አፍንጫ ነው የሚቀድመው። ናፍጣ ከሸተተን መኪናው ከፊታችን ቢኖርም ባይኖርም ፍጥነት እንቀንስ።

ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የተነጠፈው ኮብልስቶን ከጭቃ አውጥቶናል፤ ምስጋና ይግባው። ይሁንና ድንጋዩ ለብዙ ዓመት በጎማና በእግር ሲታሽ ፊቱ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ በማይደርስበት አጥር ሥር ደግሞ አረንጓዴ ነገር ያበቅላል። ሲረጥብ እንደ መስተዋት ነው። የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳንና የዜብራ ቀለምም እንዲሁ። በእነዚህ ላይ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ማለፍ እንጂ መታጠፍም ፍሬን መያዝም አያስፈልግም። ከግንባታ ቦታ የሚወጣ ሲኖትራክ በጎማው ይዞት የሚመጣው ጭቃ አለ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ቁልቁለት የረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል አለ። የሐምሌና የነሐሴ የበለስ ልጣጭ አለ፤ ለእግረኛም አይመለስ። በበዓል ሰሞን የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ዝናብ ሲነካው ጎማ ሥር ይንከባለላል፤ አትጎዝጉዙ አንልም፣ እኛ እንቀንሳለን። በረዶ ከጣለ ግን ዘዴ የለም፤ መንገዱን ለቆ መቆም ነው።

አሁን ደግሞ ለባልደረቦቻችን፣ በተለይም መንጃ ፈቃድ በቅርብ ላወጣችሁ። አዳላጩን ነገር አስቀድማችሁ ካያችሁት ፍጥነታችሁን ጨርሱና ግቡበት፤ ከገባችሁ በኋላ ምንም አዲስ ነገር አታድርጉ። ነዳጅ አትጨምሩ፣ ድንገትም አትልቀቁ፤ ማርሽ አትቀይሩ፤ መሪውን አጥብቃችሁ አትነቁ። ዓይናችሁን ዘይቱ ላይ አትትከሉ፤ ሰው ወደሚያየው ነው የሚሄደው። ከዘይቱ ማዶ ያለውን ደረቅ መሬት ተመልከቱ። የሞተሩ ጉልበት ራሱ የኋላውን ጎማ እየያዘ ካስቸገረ ፍሪሲዮኑን ሳብ አድርጎ እንዲንከባለል መተው ነው።

ሳያዩት የገቡበት ጊዜ ነው አስቸጋሪው። እጅ ሳይታዘዝ የፊቱን ፍሬን ይጨብጣል። በደረቅ መንገድ ዋናው ፍሬን የፊተኛው መሆኑ እውነት ነው፤ በአዳላጭ ላይ ግን የፊት ጎማ ከተቆለፈ ሞተሩ መሪ አጣ ማለት ነው፤ ለመውደቅ ሰከንድ አይፈጅበትም። ስለዚህ የፊቱ መንሸራተት ሲጀምር ወዲያው ፍሬኑን ልቀቁ፤ ጎማው እንደገና ሲዞር ቀስ ብላችሁ ያዙ። የኋላው ጎማ ሲቆለፍ ነገሩ ሌላ ነው። ጎማው ከፊተኛው ጋር በአንድ መሥመር እያለ ከሆነ እግራችሁን አላልታችሁ እንዲዞር አድርጉት። ወደ ጎን ወጥቶ ከሆነ ግን አትልቀቁ። ጠማማ እንደሆነ ከለቀቃችሁት ጎማው ድንገት መሬት ይይዝና ሞተሩ ተገልብጦ ነጂውን አሽቀንጥሮ ይጥለዋል፤ በጎን ተንሸራትቶ ከመውደቅ ይህ ይብሳል። እንደተያዘ፣ ወደፊት እያያችሁ፣ እስኪቆም ድረስ ይጎተት። አዳዲሶቹ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ኤቢኤስ የሚባል ነገር አላቸው፤ እኛ የምንነዳቸው ትንንሾቹ በብዛት የላቸውም።

እግር ዘርግቶ መሬት ለመደገፍ መሞከር የተለመደ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እንዲያ ነው። መውደቅ ካልቀረ ሞተሩን ልቀቁት፤ ብረት ይተካል። ስለ ጎማም አንድ ነገር እንበል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃውን የሚያወጣበት መንገድ የለውም። አዲስ ጎማም ቢሆን ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን 100 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ መነዳት አለበት። ጎሚስታ ቤት አዲስ አስገብቶ እየፎከረ የሚወጣ ልጅ አይጠፋምና ነው።

ውድ ነዋሪዎች፣ እስካሁን የተናገርነው የኛን ድርሻ ነው። ባለፈው ነሐሴ ከወፍጮ ቤቱ በታች ባለው መታጠፊያ ላይ አንድ ጓደኛችን ወድቆ እጁ ተሰብሮ ሁለት ወር ያህል በጀሶ ታስሮ መቀመጡን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ የማኅበሩ አባላት እየተመላለሳችሁ ጠይቃችሁታል። ልጁ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄድ። መንገዱ ላይ የነበረው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ ከሰማይ አልወረደም። ማን እንደደፋው አንጠራም፣ ልንከስም አልመጣንም። እንዲያውም አቧራ እንዳይነሳ ብሎ በቅን ልብ የሚደፋም አለ እኮ። የምንለው ግን ዘይት የሚቀይር ሰው በጄሪካን ያጠራቅመው፤ እጣቢና የሳሙና ውሃ ኮብልስቶኑ ላይ ሳይሆን ወደ ፍሳሹ ይደፋ፤ ቤት የሚሠራ ሰው አሸዋውንና ጠጠሩን ከመንገዱ ዳር ሰብስቦ ማታ ማታ የፈሰሰውን ይጥረግ። ለእናት በአንድ እጅ ሳፋ በሌላው ሕፃን ይዞ እስከ ፍሳሹ መሄድ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢያንስ መታጠፊያውና ቁልቁለቱ ላይ አይሁን።

ዘይት ወይም ናፍጣ ፈሶ ካያችሁ ውሃ አትድፉበት፤ ውሃ ዘይቱን አያነሳውም፣ ያሰፋዋል። ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አፈር አልብሱት፣ እስኪመጥ ጠብቁ፣ ጠርጋችሁ በማዳበሪያ ከረጢት አንሱት። አፈሩን ሳይጠርጉ መተው ደግሞ ሌላ አዳላጭ መሥራት ነው። ለማስጠንቀቂያ ድንጋይ መደርደር ለምዶብናል፤ እባካችሁ ድንጋይ ይቅር፣ ጨለማ ላይ ድንጋዩ ራሱ ይጥለናል። ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይበቃል፤ እሱም ከዘይቱ አጠገብ ሳይሆን 30 እርምጃ ያህል ቀደም ብሎ፣ ቁልቁለት ከሆነ ከላይ በኩል ይሁን።

ሰው ወድቆ ካገኛችሁ አስቀድማችሁ የሚመጣውን መኪና አስቁሙ፤ ያው አዳላጭ ነገር ሁለተኛውን ያመጣልና። በክንዱ ጎትታችሁ አታንሱት። ትንፋሹ ካልተቸገረ ቆቡን ከራሱ ላይ አታውልቁ፤ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ውሃ ማጠጣት ደግነት ቢመስልም ይቅር። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራ።

ሁለት ኬሻ ሰጋቱራ ከአናጢ ቤት ለምነን አምጥተናል። አንዱ ከማኅበሩ በር ግራ በኩል፣ ሌላው ወፍጮ ቤቱ ጥግ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል። መጥረጊያና አካፋም አብሮ አለ። የፈለገ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይውሰድ፤ ሲያልቅ ለኛ ይንገረን። ልምምድ ማድረግ የምትፈልጉ ነጂዎች የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በኳስ ሜዳው እንገናኝ፤ ሜዳውን ውሃ አርከፍክፈን የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ምን እንደሚመስል በዝግታ እንሞክራለን። ቆብና ጓንት ያልያዘ አይሳተፍም።