ሁለት ሥርዓት በአንድ ኮምፒዩተር



ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደኅንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒዩተራችሁ ወደ ዊንዶውስ 11 ሊሸጋገር ካልቻለ፣ ሊኑክስን ከነባሩ ጎን አስገብታችሁ ኢንተርኔቱን በሊኑክስ፣ የለመዳችሁትን ፕሮግራም በዊንዶውስ ልትሠሩ ትችላላችሁ። (የመንግሥት ንብረት ከሆነ አስቀድሞ አለቃን ማስፈቀድ ይገባል።)

የጎጃም ባላገር መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል አስቀድሞ ወሰን ያስከልላል። እናንተም ፋይላችሁን በሌላ ዲስክ ከገለበጣችሁ በኋላ፣ በዊንዶውስ በራሱ የዲስኩን ክፍል አሳንሳችሁ ኡቡንቱ ለተባለው የሊኑክስ ዓይነት ቢያንስ 25 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ተዉለት። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ እንደ ሆነ የመክፈቻውን ቁጥር በወረቀት ጻፉ። ኡቡንቱን በፍላሽ ስታስገቡ ከዊንዶውስ ጎን የሚያኖረውን ምረጡ፤ ዲስኩን በሙሉ አጥፋ የሚለውን የነካ ሰው የዓመታት ደብዳቤውን በአንድ አፍታ ያጣል።

ከዚያ ወዲያ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ከሁለቱ የትኛውን እንደምትሹ ይጠይቃችኋል።

ሰዓቱ ግን እንዳያስደነግጣችሁ። በደብረ ማርቆስ ቀትር 6 ሰዓት ሲሆን ዊንዶውስ ገና ረፋዱ 3 ሰዓት ነው ይላችሁ ይሆናል። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ ዊንዶውስ ግን በአገሩ ሰዓት ስለሚያነቡት ነው። ሊኑክስ የአገሩን ሰዓት እንዲይዝ እዘዙት እንጂ ጠጋኝ አትጥሩ።