ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ቴፕና ስለ ማጉያ አቀማመጥ
(ለእድራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ቴፕና ስለ ማጉያ በእድር ስብሰባ መናገርን ምን አመጣው? የሚል አይጠፋም። ነገሩ ወዲህ ነው። የእድር ሥራ ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል ብቻ አይደለም፤ የአባል ቤት በእሳት ሲጎዳም ቀድመን የምንደርሰው እኛው ጎረቤቶቹ ነን። የብዙዎቻችን ቤት ደግሞ እንጨትና ጭቃ፣ ኮርኒሱም አቡጀዲ ሲሆን፣ አንዱ ከሌላው ጋር በግድግዳ የተያያዘ ነው። በአንዱ ሳሎን የተነሣ እሳት ለባለቤቱ ብቻ አይቀርም። ስለዚህ የአንዱ ቴፕ አቀማመጥ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

እኛ መሐንዲሶች አይደለንም፤ በጽሕፈት ሥራ ኖረን ጡረታ የወጣን ሰዎች ነን። ነገር ግን ወረቀት ማንበብ ልማዳችን ስለሆነ፣ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን መመሪያ ሳናነብ አንጥልም። ከዚያና ከጠጋኞች የተረዳነውን እንናገራለን።

በመጀመሪያ ዕቃው ለምን ይሞቃል? ማጉያ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ወደ ስፒከር የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ይወጣል። በዱሮው ዓይነት ማጉያ ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በሙቀት ይባክናል። የዛሬዎቹ አንዳንዶቹ ያነሰ ይሞቃሉ እንጂ ጨርሶ አይሞቁም ማለት አይደለም። እንግዲህ በሽፋኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ለጌጥ አልተሠሩም። ቀዝቃዛው አየር በታች ይገባል፤ የሞቀው ደግሞ ቀላል ስለሆነ በላይ ይወጣል። ማድ ቤት ስንሠራ ለጭሱ መውጫ በላይ በኩል እንደምንተው ማለት ነው።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ቴፑን ቡፌ ውስጥ አስገብተን መስተዋቱን እንዘጋለን፤ ወይም በላዩ ዳንቴል አልብሰን የአበባ ማስቀመጫ እናኖርበታለን። ዳንቴሉን በእጃቸው የሠሩ እናቶች አይቀየሙን! ዕቃው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ይልበስ፣ አቧራም ይከላከልለታል፤ ሲሠራ ግን ይገለጥ። የአበባው ውኃ ደግሞ ከፈሰሰ በ220 ቮልት ላይ መፍሰሱ ነውና ቦታው ሌላ ይሁን።

ሙቀት እሳት ባያስነሣ እንኳ ዕቃውን ይገድላል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ይህ በሙያው የታወቀ ስሌት ነው።

ስለዚህ በጎንና በኋላ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በላይ ደግሞ አንድ ስንዝር ክፍተት እንተው። መመሪያው ከዚህ የበለጠ ካዘዘ መመሪያው ይከበር። ዕቃ መደራረብ ግድ ከሆነ በጣም የሚሞቀው ከላይ ይሁን። አልጋ፣ ሶፋና ምንጣፍ ላይ አናስቀምጥ፤ የታችኛው ቀዳዳ ይደፈናልና። ከመጋረጃ፣ ከከሰል ምድጃና ከዕጣን ማጨሻ ይራቅ፤ ሻማም በላዩ አይብራ። ጣራው የሚያፈስበት ቦታም በክረምት ይታወቃልና ከዚያ በታች አይቀመጥ።

ከዚህም ሌላ የማከፋፈያው ነገር አለ። 10 አምፔር የተጻፈበት ማከፋፈያ በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ የሚወስድ አለ። ታዲያ ምጣዱንና ቴፑን በአንድ ማከፋፈያ መሰካት ምን ይባላል? ገመዱንም ጠቅልለን ወይም ምንጣፍ ሥር ደብቀን አንጠቀም፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ወይም በሲጋራ ብር ወረቀት መተካት ዘበኛውን አባርሮ በሩን ከፍቶ እንደመተኛት ነው። መብራት ሲሄድም ሶኬቱን እንንቀል፤ ሲመለስ ኃይሉ ሊዋዥቅ ይችላል፣ እኛም ቤት ላንኖር እንችላለን።

ጭስ ወይም የላስቲክ ሽታ ከመጣ፣ ሶኬቱ ራሱ ካልነደደ እንንቀለው፤ ከነደደ ግን ከቆጣሪው ማጥፊያ መብራቱን እንቁረጥ። ኤሌክትሪክ ባለበት ውኃ አይደፋም። ከዕቃ በፊት ልጆችና አረጋውያን ይውጡ፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው የእሳት አደጋን በ939 ይጥራ።

የእድራችንም ማጉያ ከዚህ ውጪ አይደለም። ለቅሶ ላይ ዝናብ ሲመጣ እየሠራ በላስቲክ መጠቅለል ይቅር፤ ከድንኳኑ ሥር ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

በመጨረሻም አንድ ሥራ እንስጣችሁ። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ዕቃው አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ በደረቅ እጅ ሽፋኑን ንኩት። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አየር አጥሮታል፤ ክፍተት ሰጥታችሁት ካልተሻለው ለባለሙያ አሳዩት። ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ቡፌውን መግፋት አይችሉምና ወጣቶቻችን ሄደው ያግዟቸው። ይህ ሥራ መዋጮ አይጠይቅም፣ ከግማሽ ሰዓትም አይበልጥም።

ከእሳትና ከድንገተኛ አደጋ ይሰውረን።