ጉዳትና ጥቅም በሸሪዓ ሚዛን፦ የቲቢ መድኃኒት ጉዳይ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመሩ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ። «ክኒኑ ሆዴን ያቃጥለኛል፤ ሽንቴንም ያቀላዋል። ሸሪዓችን ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት ይቀድማል ይል የለም? ታዲያ ባቆመው ምን አለበት?» ይሉናል።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ቃዒዳውን ዑለማዎች አስቀምጠውታል። ሆኖም የሚሠራው ጉዳቱ ከጥቅሙ ሲበልጥ ወይም ሲስተካከል ነው። ጥቅሙ እጅግ ከበለጠ ቀላሉን ጉዳት እንታገሣለን። አላህ (ሱ.ወ.) ስለ አስካሪ መጠጥ ሲነግረን እንኳ ጥቅሙን ሳይክድ ኃጢአቱ እንደሚበልጥ ነው ያሳወቀን።

እንግዲህ እንመዝን። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት፣ ከዚያ በኋላ 2 ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ሪፋምፒሲን የተባለው ሽንትን፣ ላብንና እንባን ብርቱካንማ ያደርጋል። ይህ የመድኃኒቱ ቀለም እንጂ ደም አይደለም፤ ስለ ጦሃራው የተጨነቀ ይረጋጋ። እግር ቢደነዝዝ ቫይታሚን ቢ6 ይታዘዛል። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለስ ከበረታ ግን ጉበት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ዕይታ ከደበዘዘ፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት ካስቸገረም ነገሩ ከባድ ነው። እንዲህ ሲሆን ቀጣዩን ክኒን ከመዋጥ በፊት በዚያው ዕለት ለባለሙያ መታየት ያሻል። መድኃኒቱን ማቆምም መቀየርም የሐኪሙ ሥራ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ማቋረጥ አለ። ሕመምተኛው በ2 ወር ይሻለውና «ድኛለሁ» ይላል፤ የቀረው ተህዋስ ግን መድኃኒቱን ሊለማመድ ይችላል። በትንፋሽ ወደ ልጆቹና ወደ አረጋዊ ወላጆቹም ይሻገራል። ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም የተከለከለ መሆኑን አንዘንጋ።

መድኃኒት የተለማመደው ቲቢ ቀድሞ 18 ወርና ከዚያ በላይ ይታከም ነበር፤ ከመርፌዎቹ የተነሳ ጆሯቸው የደነቆረ ብዙዎች ናቸው። ሐኪሞቹም መልሰው መዘኑት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን እንዲቀሩ መከረ፤ በ2022 ደግሞ ለብዙዎቹ ሕመምተኞች በ6 ወር የሚያበቃ የክኒን ሕክምና አቀረበ። እርሱም ቢሆን ደም ሊያሳንስና እግር ሊያደነዝዝ ስለሚችል በምርመራ ይታገዛል። የሚሰማንን ለሐኪም መንገር ሶብር ማጣት አይደለም፤ መድኃኒቱ የተሻሻለውም ሕመምተኞች የደረሰባቸው ጉዳት ስለታወቀ ነው።

ጥቁር አዝሙድና ማር መልካም ናቸው፤ በክኒኑ ቦታ ግን አይተኩም። ሥራ ሥር የሚጨምር ሰው ካለ ለሐኪሙ ይንገር፤ ጉበት ሁለቱንም ላይችል ይችላል።

ረመዷን ሲገባ ሕመምተኛው አፍጥሮ በሌላ ጊዜ ቀዷ ማውጣት ተፈቅዶለታል። ሐኪሙ መጾም ትችላለህ ካለውም ክኒኑ በቀን 1 ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ሰዓቱን ወደ ሌሊት እንዲያዞርለት ይጠይቅ። ስለ ጁሙዓ የጠየቃችሁን ደግሞ፣ ሐኪሙ «ከእንግዲህ አይተላለፍም» እስኪል ድረስ ዙህርን በቤታችሁ ስገዱ።