የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር በዘር ይሄዳል ወይ?

(የማኅበሩ ሒሳብ ክፍል ለአባላት ስብሰባ ያቀረበው ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ስለ ማኅፀን እንድንናገር ያደረገን ገንዘብ ነው። ባለፈው ስብሰባ ለምርመራ ለሚሄዱ አባላት የትራንስፖርትና የቀን ገቢ ማካካሻ እንዲከፈል ሲወሰን፣ «እናቷ ወይም እህቷ የታመመችባት ትቅደም» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ስም ስንመዘግብ አንዷ አባላችን «እናቴን የወሰደ እኔን መች ይተወኛል? መመርመሩ ምን ይፈይድልኛል?» አለችን። ሌላዋ «በእኛ ዘር የለም» ብላ ሄደች። ስለዚህ የጤና ባለሙያ ጠየቅን፣ አነበብንም።

በዘር የሚመጣ ነገር አለ፤ አንሸሽግም። ስዊድኖች የካንሰር ሕሙማንን መዝገብ ከቤተሰብ መዝገብ ጋር አመሳክረው (እንዲህ ያለ መዝገብ ስንሰማ ቅናት ቢጤ ይይዘናል) በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የወለደቻት እናቷ ወይም የእናት የአባቷ ልጅ የታመመችባት ሴት ተጋላጭነቷ እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በጉዲፈቻ ያሳደገቻት እናት ስትታመም ግን ይህን ያህል አልታየም።

እጥፍ ሲባል «የምን እጥፍ?» ማለት የሙያችን ልማድ ነው። የትንሽ ቁጥር እጥፍ ያው ትንሽ ነው። ደግሞም በሽታው ራሱ አይወረስም። ምንጩ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ብዙዎቻችን በሕይወታችን አንድ ጊዜ ያገኘናል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነታችን ራሱ ያስወግደዋል። ሳይወገድ የቆየባት ሴት እንኳ ቅድመ ካንሰሩ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ መሀል ባለሙያዋ የማኅፀን በሩን አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ ነው) ቀብታ ታየዋለች፤ የተለወጠ ነገር ካለ ነጣ ብሎ ይታያል። ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። የእህታችን እናት ይህን አላገኙም፤ እሷ ግን ታገኛለች።

ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ተጋላጭነት 6 እጥፍ ነው። ከእናት ከሚመጣው ይበልጣል፤ ግን ማንም ተነሥቶ «እነሱ ይቅደሙ» አላለም፤ እኛም ስማቸውን አንጠይቅም። የዘሩን ዝርዝርም የፈራነው በዚሁ ምክንያት ነው። «በዘራቸው አለ» የሚል ወሬ የስንቷን ልጅ ትዳር እንዳበላሸ ታውቃላችሁ፤ መዝገባችን የዚያ ምስክር እንዲሆን አንፈልግም።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 የሆነና አንድም ጊዜ ያልተመረመረች ትቅደም፤ እናቷ በምን እንደሞቱ አንጠይቃት። በዕድሜ አነስ ያለች ሆና ሐኪም ተመርመሪ ያላት ካለችም ምክንያቱን ሳትናገር ትመዝገብ። ለክፍያ የምርመራ ውጤት ማምጣት አያስፈልግም። ታክሲ ደረሰኝ እንደማይሰጥ እናውቃለን፤ የቀጠሮ ካርድ ማሳየት ይበቃል። መዝገቡ ዛሬ ከስብሰባው በኋላ በገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ነው።