ወደ ጊንጪ የሚሄድ ሠርገኛ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ጊንጪ የሠርግ መኪና ጡሩምባ አይለያትም። ሁዳዴ ሳይገባ ለመደገስ የሚጣደፉ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ጥርን ይሻሙበታል።

ከአዲስ አበባ የተነሳ እንግዳ በሆለታና በአዲስ ዓለም በኩል 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ሌሊቱ ግን ደገኛ! ስስ ሱፍ ብቻ ለብሶ የመጣ ዘመናይ ዳስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያመሻል። ጋቢ አይረሳ።

ከሙሽራው ወገን የሆነ ደግሞ ዝርዝር ብር ይያዝ። ሙሽሪትን ሊወስዱ ሲመጡ የልጅቷ ጓደኞች በሩን ዘግተው ይዘፍናሉ፤ ሚዜዎቹ ኪሳቸውን ካልፈቱ አይገባም። ክርክሩ ቢረዝም የሚቆጣ የለም፣ ደስታው እሱ ነው።

ሽማግሌዎች በኦሮምኛ ሲመርቁ ቋንቋውን የማይችልም «አሜን» ይላል። ማታ ማደሪያ ያጣ ወደ አምቦ ቢዘልቅ የሆቴል ምርጫው ይሰፋለታል።